ከጎመን ቅጠል ሥር

በአዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ ጎመን ለማብቀል ሰፊ ግቢ አያስፈልግም። እሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት በርና በቆርቆሮ አጥር መካከል በተረፈች ጠባብ መሬት አፈር የሞላ ጆንያ ወይም አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ይቆማል፤ ጎመኑ ከዚያ ይወጣል። የመንግሥት የሌማት ትሩፋት ዘመቻ በ2015 ዓ.ም. ከመታወጁ ከብዙ ዘመን በፊትም እንዲሁ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ግቢዎች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ወደ ኮንዶሚኒየም የሄደው ሰውም ቢሆን ቦታ ካገኘ ጆንያውን በረንዳ ላይ ያቆማል።

ሰፈሩ ከአትክልት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። በምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቁ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ጣሊያን ወደ መርካቶ አዞረው። አትክልት ተራ የሚባለው ገበያ ደግሞ ፒያሳ ላይ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ወደ ጃን ሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ እስር ጎመን ታክሲ መሳፈር ያልፈለገ ሰው ጆንያውን ይበልጥ ይንከባከባል።

ታኅሣሥ ላይ ደህና የነበረው ጎመን የካቲት ሲጋመስ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው ከሥሩ አመድ የለበሱ ጥቃቅን ነገሮች ተጨናንቀው ያገኛል። የጎመን ክሽክሽ ናት። የምትበዛው ዝናብ በጠፋበትና ፀሐይ በበረታበት ወቅት ነው፤ ያ ደግሞ ሁዳዴ የሚገባበት፣ ጎመን ከምንጊዜውም ይልቅ የሚፈለግበት ወቅት ነው። ዝናብ ሲጥል ብዙዎቹን አጥቦ ያወርዳቸዋል፤ ጾሙ ግን ዝናቡን አይጠብቅም።

ክሽክሽን ለመረዳት ከጎመኑ መጀመር ይሻላል። የሐበሻ ጎመን የሁለት ዕፅዋት ዲቃላ ነው። ኮሪያዊ አባትና ጃፓናዊት እናት የወለዱት ሳይንቲስት ዉ ጃንግ ቹን የዚህን ወገን ዝምድና በ1935 እ.ኤ.አ. ሲያስረዳ፣ ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞዞም፣ የጥቅል ጎመን ወገን 9 ጥንድ፣ የእኛ ጎመን ደግሞ የሁለቱን ድምር 17 ጥንድ እንደያዘ አሳየ። ጎመናችን ከሰናፍጭ በኩል የወረሰው ነገር አለ። ሰናፍጭ ሲወቀጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠውና ዓይን የሚያስለቅሰው ኃይል በጎመን ቅጠል ውስጥም በልኩ ተቀምጧል።

የተቀመጠበት መንገድ ብልሃት አለው። ሲኒግሪን የሚባለው ንጥረ ነገር በአንድ ቦታ፣ እሱን የሚሰብረው ኢንዛይም በሌላ ቦታ ተለያይተው ይኖራሉ። ቅጠሉ እስካልተነካ ድረስ አይገናኙም። ጥርስ ሲያርፍበት ወይም ቢላዋ ሲከትፈው ሁለቱ ይደባለቁና የሰናፍጩ መርዝ ያኔውኑ ይፈጠራል። አብዛኛው ነፍሳት ይህን ቀምሶ ይሸሻል። ጎመን በሺህ ዓይነት ተባይ ተበልቶ ያላለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ጥቂቶች መክፈቻውን ማግኘታቸው ነው። ክሽክሽ ቅጠሉን አታኝክም፤ ከፀጉር በቀጠነ መርፌ አፏ ሕዋሳቱን ሳታፈርስ በመካከላቸው አልፋ ከቅጠሉ ደም ሥር ትደርሳለች። በዚህ ሁኔታ ሲኒግሪኑን ሳይፈነዳ ትወስደዋለች። ከዚያም ለራሷ ታከማቸዋለች፤ በጡንቻዋ ውስጥ ደግሞ የራሷን ኢንዛይም ለብቻው ታኖራለች። ጠላት ሲነክሳት በሰውነቷ ውስጥ የሚሆነው በቅጠሉ ላይ ሊሆን የነበረው ነው። የጎመኑን መሣሪያ ቀምታ ታጥቃለች ማለት ነው። ክሽክሽን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ሁሉ ከዚህችኛዋ ጋር የማይስማሙት ለዚህ ነው፤ አንዳንድ ዝርያዎች ልጆቻቸው እሷን በልተው ይሞታሉ። «ጥንዚዛ ካለ ምንም አትነካኩ» የሚለው ምክር ለባቄላ ክሽክሽ ያገለግል ይሆናል፤ ለጎመን ግን ብቻውን አይበቃም።

መብዛቷስ? እንደኛ ባለ ከባድ ብርድ በማያውቅ አገር ወንድ አያስፈልጋትም። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ እንቁላል ሳይጥሉ ሴት ልጆችን በሕይወት ይወልዳሉ። በእናቲቱ ሆድ ያለችው ልጅ ገና ሳትወለድ የራሷን ልጆች መቋጠር ትጀምራለች፤ ሞቅ ባለ ወቅት ከተወለደች በአሥር ቀን ገደማ እሷም ትወልዳለች። ቅጠሉ ሲጣበብ ደግሞ ክንፍ ያላቸው ይወለዱና ወደ ጎረቤት ጆንያ ይበርራሉ። ሲሄዱም ባዷቸውን አይሄዱም፤ የጎመንን ቅጠል የሚያዥጎረጉርና ዕድገቱን የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ጥንዚዛ ሆነ ሰው፣ ከዚህ ፍጥነት ጋር እኩል መሮጥ የሚችለው ቀድሞ ከጀመረ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ባለ መክፈቻ ክንፏን ስታጥፍ ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጾች የሚታዩባት ትንሽ ቡናማ የእሳት እራት ናት። እሷ ራሷ አትጎዳም፤ ጎጂው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው አረንጓዴ ትሏ ነው። ከቅጠሉ ሥር ሆኖ ሥጋውን ይግጥና የላይኛውን ስስ ሽፋን እንደ መስኮት ትቶት ያልፋል። በጣት ሲነኩት እየተወራጨ በሐር ክር ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ በዚህ ትለዩታላችሁ። ይህ ትል ቅጠሉን ያኝካል፣ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲኒግሪኑን ወደ መርዝ ከመለወጡ በፊት ያከሽፈዋል። እናቲቱም የሰናፍጩን ሽታ ተከትላ መጥታ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። ሌላውን የሚያባርረው ሽታ እሷን ይጠራታል።

ሰው ይህችን እራት በመድኃኒት ብቻ ሊያሸንፋት ሞክሮ ያገኘው ውጤት የታወቀ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሟ ተዘገበ። ለሰው ጉዳት የለውም ተብሎ የተወደደውን ከባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ባክቴሪያ የሚዘጋጀውን ፀረ ትል መድኃኒትም በማሳ ላይ ከማንም ቀድማ ለመደችው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ከሃዋይ የወጣው ጥናት ይህን አረጋገጠ። በሳምንት በሳምንት ከሚረጩ ሰፋፊ ማሳዎች ትሉ ብቻ ሳይሆን ትሉን የሚገድሉት ተርቦችም አብረው ያልቃሉ፤ ትሉ ቶሎ ይመለሳል፣ ተርቦቹ ይዘገያሉ።

የአራዳው ጆንያ ከማሳ የሚለይበት ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ጥቅል ጎመን አንድ ጊዜ ይቆረጣል። የሐበሻ ጎመን ግን ከሥር ከሥሩ እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል፤ ዛሬ ሦስት ቅጠል፣ ከነገ ወዲያ አምስት። ማንኛውም ፀረ ተባይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ቅጠሉ ሳይለቀም መቆየት ያለበት የቀን ብዛት አለው፤ እንደ መድኃኒቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ይደርሳል። የቤት ጎመን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ማታ የተረጨው ነገ ምሳ ላይ ድስት ውስጥ ይገኛል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የተመዘገበውም ቢሆን መለያ ወረቀቱ ላይ ሰብሉ፣ መጠኑና የመቆያው ቀን ተጽፎ ነው። በውሃ ላስቲክ ተቀንሶ የሚሸጠው ነጭ ፈሳሽ ይህ ሁሉ የለውም። እንዲህ ያለውን እንኳን ጎመን ላይ መርጨት ቀርቶ ወጥ ቤት አካባቢ ማስቀመጥም አይገባም፤ ላስቲኩን ውሃ መስሎት የሚያነሣ ልጅ አይጠፋም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ዓይንና ጣት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን መገልበጥ፣ በተለይ መሐል ላይ የሚወጣውን ለጋ። አሥር ክሽክሽ በአውራ ጣት ይጨፈለቃል፤ ሺህ ሲሆን ግን ቅጠሉን ቀንጥሶ ማስወገድ ይሻላል። ጆንያ አሥር እግር ጎመን ብቻ ስለሚይዝ ይህ የሚቻል ሥራ ነው፤ ለሄክታር ባለቤት እንዲህ ብሎ መምከር ቀልድ ይሆናል።

ቀጥሎ ሳሙና ነው። ክሽክሽ የለበሰችው አመድ መሳይ ነገር ሰም ነው፤ ውሃ ቢያፈሱባት ድቡልቡል ሆኖ ይንከባለላል እንጂ አይነካትም። ሳሙና በሳህን ላይ ያለን ቅባት እንደሚያስለቅቀው ሰሙን ያስለቅቀዋል፤ ቆዳዋን ያላላል፣ መተንፈሻዋንም ይደፍናል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ስለሚያቃጥል ይቅር። የሚረጨው ጠዋት ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከቅጠሉ ሥር ነው። ያልነካትን ክሽክሽ አይገድልም፤ ሲደርቅም ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ በአምስት ቀን ወይም በሳምንት መድገም ግድ ነው። ግን ቅጠሉ በውሃ ታጥቦ በማግስቱ ይበላል።

«አመድ ነስንሽበት ልጄ» የሚሉ እናቶች አልተሳሳቱም። ደቃቅ የእንጨት አመድ ለስላሳ ቆዳ ያላቸውን ነፍሳት ያደርቃል፣ የትሉንም አፍ ያስቸግረዋል። ዝናብ ወይም የውሃ ማጠጫ ከነካው ግን ያበቃለታል፤ ሲበዛም አፈሩን ስለሚያጎመዝዝ ሳይሆን በተቃራኒው አልካላይን ስለሚያደርገው ሥሩን ይጎዳል። የከሰል አመድ ቢሆን በደንብ መነፋት አለበት።

ስለ ዕፅ መድኃኒት ደግሞ አንድ ጥንቃቄ። ኒም ጥሩ ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ነፍሳቱን ከመብላትና ከማደግ ይከለክላል፤ ዛፉ ግን እንደ ድሬዳዋና አፋር ያለ ቆላ ይወዳል እንጂ የፒያሳን ብርድ አይችልም። እዚሁ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅለው ብርብራ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክር የጣና ዙሪያ ሰው ከጥንት ያውቃል። ዓሣውን የሚያሰክረው ሮቴኖን ሲሆን ነፍሳትንም ይገድላል፤ ተመራማሪዎችም በተለያዩ ተባዮች ላይ ሞክረውታል። ብርብራ ከዛፍ ስለተገኘ ብቻ ለሚበላ ቅጠል ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ሮቴኖን ለሰውም መርዝ ነው። ትንባሆ ዘፍዝፈው የሚረጩም አሉ፤ ኒኮቲን ከብዙ የፋብሪካ መድኃኒት የከፋ መርዝ መሆኑን ቢያውቁ የሚተዉት ይመስለኛል።

አሁን ክሽክሽን ወደምትገድለው ተርብ እንምጣ። ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ጥቁርና ቀጭን፣ ሰው የማትነድፍ ናት። ክሽክሽ አጠገብ ትቆምና ጅራቷን በእግሮቿ መካከል ወደ ፊት አጥፋ አንድ እንቁላል ታስገባባታለች። ልጇ ክሽክሽን ከውስጥ ይበላታል፤ ቆዳዋ ተነፍቶ ይደርቅና ቡናማ፣ ወረቀት መሳይ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ቆይቶ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ይከፈትና አዲሷ ተርብ ትወጣለች። ይህች ተርብ ክሽክሽን የምታገኘው በምንድን ነው ቢባል፣ በዚያው በሰናፍጩ ሽታ ነው። ጎመኑ ለመከላከያ የሠራው፣ እራቷ የምትመራበት፣ ክሽክሽ የሰረቀችው ሽታ ገዳይዋንም ይጠራባታል። ክሽክሽ ጥንዚዛን የምታስፈራራበት መሣሪያ እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ ቅጠል ሲገለበጥ ቡናማና የተነፉት ከበዙ ሳሙናውን አስቀምጡት፤ ያንን ቅጠል ቀንጥሳችሁ ብትጥሉም ተርቦቹን ነው የምትጥሉት። እዚያው ክሽክሽ መሐል ደብዛዛ፣ እግር የሌለው፣ ቀንድ አውጣ መሳይ ትንሽ ትል ቢገኝም አይገደል። አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትንሳፈፈው የአበባ ዝንብ ልጅ ነው፤ ምግቡ ክሽክሽ እንጂ ጎመን አይደለም። ተርቧም ዝንቧም ሲያድጉ የሚበሉት የአበባ ማር ነው፤ እንስላል ወይም ድንብላል በአንድ ቆርቆሮ ተተክሎ እንዲያብብ ቢተው ከጆንያው አይርቁም። ተርብ በሰፊ ማሳም ይሠራል፦ ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ የእራቷን ትል የምትገድል ሌላ ተርብ ከታይዋን አምጥቶ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኬንያ ደጋዎች በመልቀቁ፣ በእራቷ የሚደርሰው ጉዳት ጉልህ በሆነ መጠን ቀንሷል።

ቆስጣ የሌላ ቤተሰብ ነው፤ ከቀይ ሥር ጋር ይዛመዳል እንጂ ሰናፍጭ ስለሌለው ክሽክሽና እራቷ አይፈልጉትም። ጎመኑ በተበላበት ጆንያ በሚቀጥለው ዙር ቆስጣ መትከል ሁለቱንም ያስርባቸዋል። የሚያሠጋው ለዘር ተብላ የምትተወው አሮጌ ጎመን ናት። አበባዋንና ለጋ ቆባዋን ክሽክሽ ከቅጠል ይልቅ ትወዳቸዋለች፤ ሌላው ጎመን ባለቀበት ጊዜ የምትጠለለው እዚያ ነው። ዘር የሚፈልግ ሰው ያችን አንዷን ከአዲሶቹ ችግኞች አርቆ ያቁማት፣ አበባዋን በየሦስት ቀኑ ይመልከት፤ ዘሩ እንደደረሰም ግንዷን ነቅሎ ከአጥሩ ሥር ሳይጥል አፈር ያልብሰው።