በመሬት ውስጥ ያሉ የሰብል ዘበኞች

ገበሬ እኽሉን ከአንበጣና ከወፍ ሲጠብቅ ጠላቱን በዓይኑ ያየዋል። ከመሬት በታች ኾኖ ሥር የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ግን የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ስውር ጠላት በስውር ወዳጅ እንዴት እንደሚመከት ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ስንዴን ከሚያጠቁት ሻጋታዎች አንዱ እንግሊዞች «ኹሉን ወሳጅ» የሚሉት ነው። የስንዴውን ሥር አጥቁሮ ያበሰብሰዋል፤ ሥሩም ውሃ መሳብ ሲሳነው ዛላው ያለጊዜው ይነጣል፥ ፍሬም አይቋጥርም። ስንዴ በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ ሲደጋገም በሽታው በመጀመሪያ እየበረታ ይኼዳል። የሚያስደንቀው ግን፥ ስንዴው ሳይቋረጥ ቢዘራ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታው በራሱ ጊዜ መቀነሱ ነው።

ሊቃውንት የዚህን ምክንያት መረመሩ። እንዲህ ያለውን አፈር በ60 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ቢያሞቁት የመከላከል ኃይሉ ጠፋ፤ ጥቂቱን ወስደው ከሌላ አፈር ጋራ ቢቀላቅሉት ደግሞ ኃይሉ ወደዚያ ተላለፈ። ከዚህም የተነሣ ጠባቂው ሕይወት ያለው ነገር መኾኑ ታወቀ፤ ይኸውም ፕስዩዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት ከሥሩ በሚወጣው ምግብ እየኖረ፥ ለውለታው ሻጋታውን የሚገታ መርዝ ያመነጫል። ራይማከርስና ዌለር የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ/ም እንዳስረዱት፥ ጥበቃው የሚጸናው በ1 ግራም ሥር ላይ 100,000 ያኽል ባክቴሪያ ሲገኝ ነው።

ሁለተኛው ዘበኛ ባሲለስ ሱብቲሊስ ይባላል። ክፉ ጊዜ ሲመጣበት ጠንካራ ልባስ ለብሶ ስለሚተኛ፥ ደርቆና ታሽጎ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ በዘር ላይ እየተለወሰ ወይም በውሃ እየተበጠበጠ በብዙ አገር ይሠራበታል።

ነገር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዘበኛ የሚቆመው ሌባ ከመግባቱ በፊት እንደ ኾነ ኹሉ፥ ባክቴሪያውም የሚጠቅመው ሥሩ ሳይበሰብስ ነው፤ የሞተ ሥር አያስነሣም። ደግሞም እያንዳንዱ ዘበኛ የሚያውቀው ጠላት የተወሰነ ስለ ኾነ፥ ለኹሉ በሽታ አንድ መድኃኒት አይኾንም።

ስለዚህ የጓሮ አትክልት ያላቸው ቤተ ሰቦች፥ የጎመንና የቲማቲም ችግኝ ከግርጌው እየቀጠነ እንዳይወድቅባቸው፥ መደቡን ከፍ አድርገው ውሃው እንዳይተኛበት ያድርጉ፤ ዘሩንም አያጠጋጉ፤ በሚገባ የበሰለ ብስባሽም ይጨምሩበት። የባክቴሪያ መድኃኒት የሚገዛም ሰው የማለቂያ ቀኑን አይቶ፥ ከፀሐይ ሸሽጎ ያስቀምጠው፤ ሕያው ነገር ነውና። ስንዴን ከባቄላ እያፈራረቁ መዝራትም፥ ይህ ኹሉ ዕውቀት ከተገኘ በኋላ እንኳ፥ ክብሩ ያልተቀነሰ ጥበብ መኾኑን እናስታውሳለን።