ቁስልን ወደ ምስክርነት መለወጥ፦ ከፋኒ ሉ ሄመር ሕይወት ምን እንማራለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ሰማዕት» የሚለው የግእዝ ቃል ትርጉሙ ምስክር ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳርን በየዕለቱ የምታነብልን፣ ገድላትንም የምትተረጕምልን እውነት በቃል ብቻ ሳይሆን በተኖረ ሕይወትም ስለሚመሰከር ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ያስተማሩንን አባቶች የሕይወታቸውን ፍሬ እያየን እምነታቸውን እንድንከተል ያሳስበናል (ዕብ. 13፥7)።

ዛሬ የምናነሣት ሴት የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አይደለችም፤ በባፕቲስት እምነት ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ከቅዱሳን ጋር ልንቆጥራት፣ ታሪኳንም ገድል ልንለው አንጽፍም። ነገር ግን ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲያስተምር ሳምራዊውን አብነት አድርጎ አቅርቧልና (ሉቃ. 10፥30-37) መልካም ሥራ ከታየበት ሁሉ መማር የተገባ ነው።

ፋኒ ሉ ሄመር እ.ኤ.አ. በ1917 በሚሲሲፒ ግዛት ከጢሰኛ ቤተሰብ ተወለደች። ለወላጆቿ 20ኛ ልጅ ስትሆን ጥጥ መልቀም የጀመረችው በ6 ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን በግዛቲቱ ጥቁሮች እንዳይመርጡ በፈተናና በማስፈራራት ይከለከሉ ነበር። ነሐሴ 1962 እ.ኤ.አ. ከ17 ሰዎች ጋር በመራጭነት ለመመዝገብ ሄደች፤ የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ እንድትተረጕም ተጠይቃ ፈተናውን ወደቀች። በዚያው ዕለት ማታ 18 ዓመት ያገለገለችው ባለ እርሻ ምዝገባውን ካልተወች እንድትወጣ ነገራት። ምዝገባውን አልተወችም፤ ወጣች።

ሰኔ 1963 እ.ኤ.አ. ከሥልጠና ስትመለስ ዊኖና በተባለች ከተማ ከባልንጀሮቿ ጋር ታሰረች። ፖሊሶች ሁለት ጥቁር እስረኞችን አስገድደው አስደበደቧት፤ ኩላሊቷና ዓይኗ የደረሰባቸው ጉዳት እስከ ዕለተ ሞቷ አልተዋትም። እስረኞቹ ግን እንደ ጳውሎስና እንደ ሲላስ (ሐዋ. 16፥25) በወህኒ ቤት ዘመሩ። የወህኒ ጠባቂው ሚስት ክርስቲያን ሆና ለመኖር እንደምትጥር ስትነግራት ፋኒ ሁለት ጥቅሶችን እንድታነብ መከረቻት። አንዱ በሽንገላ የተሸፈነ ጥላቻ በጉባኤ እንደሚገለጥ የሚናገረው ነው (ምሳ. 26፥26)፤ ሁለተኛው ሕዝብ ሁሉ ከአንድ መገኘቱን የሚያስረዳው ነው (ሐዋ. 17፥26)። በተደበደበችበት ቤት የሰጠችው መልስ ስድብ ሳይሆን ቃለ እግዚአብሔር ነበር።

ነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. አትላንቲክ ሲቲ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ በውክልና አጣሪ ኮሚቴው ፊት ቀርባ መሰከረች። ስሟንና አድራሻዋን ተናግራ የደረሰባትን በቅደም ተከተል ዘረዘረች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሕዝቡን ትኵረት ለማዞር በዚያው ሰዓት ለጋዜጠኞች መግለጫ ጠሩ፤ ቴሌቪዥኖች ግን ምስክርነቷን ማታ መልሰው አሳዩት፤ ብዙ ሕዝብም ሰማት። ቡድኗ በጉባኤው የጠየቀውን መቀመጫ ባያገኝም በቀጣዩ ዓመት የመምረጥ መብትን የሚያስከብረው ሕግ ጸደቀ። በዚያው በ1965 እ.ኤ.አ. ለስደተኞች በትውልድ አገር የተመደበው ኮታም በሕግ ተሻረ፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ምእመናን ልጆቻቸውን በነጻነት የሚያሳድጉት እነዚህ ሰዎች ዋጋ በከፈሉባት ምድር ነው።

ፋኒ በ1977 እ.ኤ.አ. ዐርፋለች፤ ታሪኳ ግን አላረጀም። ስለ ምን? አንደኛ፣ የተናገረችው በራሷ ላይ የደረሰውን ነው፤ ዐይተናል፣ ሰምተናል የሚል ምስክር በክርክር አይረታም። ሁለተኛ፣ በደሉን ሳትሸፍን ጥላቻን እምቢ አለች። ሰውን እየጠሉ የእግዚአብሔርን ፊት አያለሁ ብሎ ተስፋ ማድረግ እንደማይቻል ታስተምር ነበር፤ ይህም ወንድሙን የሚጠላ እግዚአብሔርን እወዳለሁ ቢል ሐሰተኛ ነው ከሚለው ከቅዱስ ዮሐንስ ትምህርት ጋር ይስማማል (1ኛ ዮሐ. 4፥20)። ሦስተኛ፣ ቃሏን በሥራ አጸናች፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ድኾች አርሰው የሚበሉበትን የኅብረት እርሻ መሠረተች።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በእኛም ዘመን ቁስል በዝቷል። የተፈናቀሉ፣ ወገናቸውን የቀበሩ ብዙዎች በየአጥቢያችን አሉ። ይህን ለልጆቻችን እንዴት እንነግራቸዋለን? ዝም ብንል እውነት ይቀበራል፤ በቂም ብንነግራቸው ደግሞ እኛን ያቆሰለውን ሰይፍ ለእነርሱ እናወርሳቸዋለን። ክርስቲያናዊው መንገድ ምስክርነት ነው፤ የሆነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ መናገር፣ ፍትሕን መጠየቅ፣ የበደለንንም ከአዳም ልጅነት አለማውጣት። ይህ በሰው ኃይል ብቻ አይቻልም፤ በጸሎት፣ በንስሓና በቅዱስ ቍርባን ይቻላል። ስለዚህ ቂም የያዝን ወደ ንስሓ አባቶቻችን እንቅረብ፤ ለልጆቻችንም ታሪካችንን ስንነግራቸው ከትረካው ቀጥሎ ስለ በዳዮቻችን አብረናቸው እንጸልይ (ማቴ. 5፥44)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።