እንዶድ፦ ከዓድዋ ወንዝ እስከ ሰሜን አሜሪካ ሐይቆች

በርካታ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች የሚገበያዩበት የሚኒያፖሊሱ ሌክ ስትሪት፣ በምሥራቅ ሚሲሲፒ ወንዝን፣ በምዕራብ ደግሞ ብዴ ማካ ስካ ሐይቅን ይነካል። ወደ ሐይቁ የሚገባ ጀልባ አስቀድሞ ይፈተሻል። ከሚፈሩት ነገሮች አንዷ «ዜብራ መስል» የምትባል፣ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ናት። ከአውሮፓ በመርከብ መጥታ እ.ኤ.አ. በ1989 በሚኔሶታው ዱሉዝ ወደብ የተገኘች ሲሆን፣ የውኃ ቧንቧዎችን በመድፈን ትታወቃለች። እርሷን የማጥፋት ጥረት እናቶቻችን ነጠላ ያጥቡበት ከነበረው እንዶድ ጋር ተገናኝቷል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው ተመለከቱ። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፣ ግኝቱ ቀላል አልነበረም። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወርዷል።

ምስጢሩ ሳፖኒን የተባለው አረፋ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ነው። ደርቆ የተፈጨው ፍሬ ውኃ ሲነካው፣ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ገዳይ መልኩ ይለውጠዋል፤ እርሱም የሕዋስን ሽፋን ያፈርሳል። ከውህዶቹ አንዱ በአክሊሉ ስም «ለማቶክሲን» ተብሏል። መርዝነቱ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ዓሣንም ይገድላል። ለኮሶ ትል ማስወጫና ለጽንስ ማስወረጃ ሲጠጣ መኖሩ፣ በእኔ እይታ፣ ከእንዶድ ታሪክ እጅግ አደገኛው ምዕራፍ ነው።

ሥራው በውጭ ተቋማት ዘንድ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም፤ የደኅንነት ምርመራው ብቻ ዓመታት ፈጅቷል። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን መጣና የዓለም ትኩረት ወደ ሕክምናው ዞረ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ በኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ አክሊሉ በተሳተፉበት ምርምር እንዶድ ዜብራ መስልን እንደሚገድል አረጋገጠ፤ በ1990ዎቹም በአጠቃቀሙ ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አክሊሉ በ1997 አረፉ። የመብቱ ዘመን ዛሬ አብቅቷል። በሰነዱ ላይ የተመዘገቡት የተመራማሪዎች ስሞች ናቸው፤ የዓድዋ ልብስ አጣቢዎች አልተጠቀሱም።