በ11 ቀን የተቀረጸው የእርግዝና አስፈሪ ፊልም

«ፕሪቬንጅ» እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የብሪታንያ ፊልም ነው። ድርሰቱም ዝግጅቱም የአሊስ ሎው ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችውም እሷው ናት። ቀረጻው ሲካሄድ የእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ላይ ነበረች። ስለዚህ ፊልሙ ላይ የሚያዩት ሆድ የእውነት ነው። አስፈሪ ፊልም በትንሽ ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው።

ታሪኩ ምንድን ነው? ሩት የምትባል ነፍሰ ጡር ሴት አለች። የልጇ አባት ገደል ሲወጣ በደረሰ አደጋ ሞቷል። ሆዷ ውስጥ ያለው ፅንስ ያናግራታል። አደጋው ሲደርስ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ግደያቸው ይላታል። እሷም እየዞረች ትገድላለች።

እንዲህ ያለ ፊልም ሲሠራ ገንዘቡን የሚበላው ቀኑ ነው። አንድ የቀረጻ ቀን ማለት የካሜራ ኪራይ፣ የመብራት፣ የቦታ፣ የምግብና የመላው ቡድን ደመወዝ ማለት ነው። ብዙ ፊልሞች ለቀረጻ ሳምንታት ይፈጃሉ። ይህኛው በ11 ቀን ተቀረጸ። የመውለጃዋ ቀን እየቀረበ ስለነበር ማራዘም የሚታሰብ አልነበረም።

በ11 ቀን እንዴት ይደረሳል? ምስጢሩ አጻጻፉ ላይ ነው። አብዛኛው ትዕይንት፣ ማለትም በአንድ ቦታና ጊዜ የሚካሄደው የታሪኩ ክፍል፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ያሉበት ነው። ሩትና አንድ ሌላ ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ። ታሪኩ በዚህ መልክ ሲከፋፈል አንዱ ተዋናይ ድርሻውን ጨርሶ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። ሁሉንም ለሳምንታት ቀጥሮ ማቆየት አያስፈልግም። ሎው የበጀቱን ጥበት ድርሰቱን ስትጽፍ ስላሰበችበት ሲያዩት የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም።

የፅንሱስ ነገር? ፅንሱ ገዳይ ሆኖ አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። ድምፅ ከቀረጻ በኋላ የሚጨመር ነገር ነው። ሰው ሠራሽ ጭራቅ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል። ደግሞም የማይታይ ነገር ተመልካቹን በጥርጣሬ ይይዘዋል፤ የሚናገረው በእርግጥ ፅንሱ ነው ወይስ የሩት ሐዘን?

ሕዝብ የሞላበት ትዕይንትም አለ። ሩት ፊቷን ቀብታ በሌሊት ጎዳና ትሄዳለች። ይህ የተቀረጸው በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ነው፣ እውነተኛ የሃሎዊን ሕዝብ መካከል። ሃሎዊን ሰዎች አስፈሪ ልብስና ጭምብል አድርገው የሚወጡበት በዓል ነው። ለዚያ ሁሉ አጃቢ ተዋናይ ቢከፈል በጀቱ እዚያው ባለቀ ነበር።

ታዲያ ለነፍሰ ጡሯ አይከብድም? ይከብዳል እንጂ። የቀረጻ ቀን ረጅም ነው፣ አብዛኛው በእግር መቆም ነው። የፊልሙን በጀት ስንቆጥር ይህንን ድካም መርሳት የለብንም፤ ሒሳብ መዝገብ ላይ ባይጻፍም ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡር ተዋናይት ሥራ የሚሰጣት ሰው ጥቂት ነው። ሎው ሌሎች እንደ እንቅፋት የሚያዩትን ሆድ የፊልሙ ዋና ነገር አደረገችው። ከወለደች በኋላ የራሷ ሕፃን ፊልሙ ላይ ታየች።

እኔን ከደሙ በላይ ያስፈራኝ አዋላጅዋ ነች። ደግ ሴት ናት። ምርመራ ላይ ሩትን ስታጽናናት፣ የሚበጀውን ሕፃኑ ያውቀዋል፣ አንቺ እሱን ስሚ የሚል ምክር ትሰጣታለች። ይህ ለብዙ እናቶች በየክሊኒኩ በቅንነት የሚባል ነገር ነው። እዚህ ግን ምክሩ የግድያ ፈቃድ ይሆናል። ለዚህ ትዕይንት ያስፈለገው ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ሁለት ጥሩ ተዋናዮች ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሰውነቷ የእሷ እንዳልሆነ ሁሉም ሲነግራት ምን እንደሚሰማት ከዚህ በላይ ያሳየኝ ፊልም አላየሁም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የሃያስያን ሳምንት የተባለውን ክፍል ከፍቷል። በቀጣዩ ዓመት ብሪታንያ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገባ።

ሊያዩት ካሰቡ ደሙ ብዙ እንደሆነ ይወቁ። መሐል መሐል የሚያስቅ ነገርም አለው፣ ግን ሳቁ መራራ ነው። ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም። እርስዎ ራስዎ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርቡ ሐዘን ደርሶብዎት ከሆነ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።