ሊማሊሞን የሚወጣው አሮጌ አውቶማቲክ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ከእሷ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ የሚወርደው መንገድ ሊማሊሞ ይባላል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከገደሉ ወገብ ላይ ፈልፍለው ያወጡት፣ በመታጠፊያው ብዛት ስንቱን ተሳፋሪ ያስጸለየ መንገድ ነው። መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዛሪማ ሲደርስ፣ ደባርቅ ላይ ጋቢ የደረበ ሁሉ ጋቢውን ያወልቃል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን መንገድ የሚያውቁት በማርሽ ነው። የቱ መታጠፊያ ሁለተኛ፣ የቱ ሦስተኛ እንደሚፈልግ እጃቸው ያስታውሳል። ባለ አውቶማቲኩ ግን «ዲ» ላይ ያደርግና መሪውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ማርሹን የሚቀያይርለት ካምቢዮው ሲሆን፣ ካምቢዮው ደግሞ የሚሠራው በጥቂት ሊትር ቀይ ዘይት ነው።

ያ ዘይት በስንት ጊዜ ይቀየር? አንዱ መካኒክ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ይላል። ሌላው 100,000 ድረስ አያሳስብም ይላል። ሦስተኛው መኪናዋ አሮጌ መሆኗን አይቶ «እስካልተበላሸ አትንካው» ብሎ ያሰናብታል። ሦስቱም በባዶ አይናገሩም፤ ለየትኛው መኪና፣ በየትኛው መንገድ የሚለው ነው የሚጎድለው።

የሞተር ዘይት ዋና ሥራው ማለስለስና ማቀዝቀዝ ነው። የካምቢዮው ዘይት ከዚህም አልፎ ጉልበት ያስተላልፋል። በእጅ ማርሽ በሚነዳ መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። አውቶማቲኩ በዚያ ቦታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ዘይት የሞላበት ክብ ዕቃ አለው። ውስጡ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ቬንትሌተሮችን ይመስላል፤ አንዱ በሞተሩ ጉልበት ሲዞር ዘይቱን እየገፋ ሌላውን ያዞረዋል። መኪናው ፍሬን ተይዞ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋውም ዘይቱ በመካከል ስለሚንሸራተት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የጥርሶች ስብስብ ማርሽ የሚቀይረው በዘይት ግፊት በሚጨበጡና በሚለቀቁ ስስ ሸራዎች ነው። ዘይቱ ይገፋል፣ ያለሰልሳል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይወስዳል። በዚያ ላይ ሸራዎቹ እንዳይንሸራተቱም፣ ድንገት ነክሰው መኪናውን እንዳያንገጫግጩም ልካቸውን የሚጠብቀው እሱ ነው። «ዘይት ያው ዘይት ነው» ብሎ ያገኘውን የሚሞላ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

በብዛት ተመርቶ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ ነው፤ የተገጠመውም እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ላይ ነው። ዛሬ መለዋወጫ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው «ዴክስሮን» የሚለው ስምም የዚያው ኩባንያ ነው። የሚገርመው ለብዙ ዓመታት ሸራዎቹ በልኩ እንዲይዙ ዘይቱ ውስጥ ይጨመር የነበረው ከስፐርም ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት መሆኑ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ውጤቶችን ስትከለክል ኬሚስቶች ምትክ ፍለጋ ላይ ተጠመዱ። ቀይ ቀለሙ ግን ለሥራው ምንም አይጨምርም። ከሞተር ዘይት እንዲለይና መኪናው ሥር ጠብ ሲል ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ የተደረገ ነው።

ይህን ዘይት ከኪሎ ሜትር ይልቅ የሚገድለው ሙቀት ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የቆየ የግምት ስሌት አለ። ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሠራ እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር ሊያገለግል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ11 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። 91 ዲግሪ ላይ 80,000፣ 102 ላይ 40,000፣ 113 ላይ 20,000 ማለት ነው።

እንግዲህ አንዲት 1,000 ሲሲ ቪትዝ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭና ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ስትወጣ ማሰብ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደባርቅ ስትቃረብ ከጉልበቷ ሩብ ያህሉ በስሱ አየር ምክንያት ጠፍቷል። ሾፌሩ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ሸክሙ ከባድ ስለሆነ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ያለማቋረጥ ይንሸራተታል፤ የጠፋው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያን ሙቀት መቀበል ያለበት ራዲያተር ደግሞ ራሱ ተጨንቋል። ስሱ አየር በደንብ አያቀዘቅዘውም፤ በደባርቅ ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ያለ ውሃ የሚፈላውም 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪና መመሪያዎች «ከባድ አገልግሎት» ብለው ለይተው የሚያስቀምጡት ይኼንኑ ነው፤ ተራራ፣ ሸክም፣ አቧራ። ለሰሜን ጎንደር ሰው ግን የየዕለቱ መንገድ ነው።

አንዳንድ የመኪና አምራቾች የካምቢዮ ዘይት «ዕድሜ ልክ» ነው፣ መቀየር አያስፈልገውም ብለው ጽፈዋል። የማን ዕድሜ እንደሆነ ግን አልጻፉም። ለቢኤምደብሊውና ለሌሎች ታዋቂ መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድኤፍ ኩባንያ በበኩሉ ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ካምቢዮውን የሠራው ይቀየር ካለ፣ መኪናውን የሸጠው አያስፈልግም ማለቱ ብዙ ክብደት የለውም። ምክሩም ቢሆን የአውሮፓን መንገድ ታሳቢ ያደረገ ነው።

በእኛ አገር ሌላም ነገር ይታሰባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በሌላ አነጋገር ጎንደር ላይ የሚሽከረከረው፣ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር የ1990ዎቹ ኮሮላና የ2000ዎቹ ቪትዝ ምትክ የማይመጣለት መኪና ሆኗል። ካምቢዮው ሲሞት የሚገኘው ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ ነው፤ እሱም ውስጡ የማይታይ፣ ዋጋው የማይቀመስ። በዚህ ሁሉ መካከል ጥቂት ሊትር ዘይት ርካሽ ነው።

ይሁንና «ዘይቱን አስቀይሬ ካምቢዮዬ ሞተ» የሚል ሰው በየሠፈሩ አይጠፋም። ታሪኩ ውሸት አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሰው ዘይት መቀየር ትዝ የሚለው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሸራው አልቋል። የተበላው ሸራ ዱቄት አሮጌው ዘይት ውስጥ ተንሳፍፎ ለቀሩት ሸራዎች ትንሽ መያዣ ሊሆንላቸው ይችላል። አዲሱ ዘይት ሲገባ ያ ዱቄት አብሮ ይሄዳል፤ በአዲሱ ውስጥ ያለው ማጽጃም ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አላቆ ቀጫጭን የዘይት መተላለፊያዎችን ሊዘጋ ይችላል። በማሽን ግፊት ሙሉ በሙሉ ማጠብ አሮጌ ካምቢዮ ላይ የሚያሠጋውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀስ ማለት ነው። የታችኛው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው ከጠቅላላው ዘይት ሲሶ ያህሉ ወይም ጥቂት ከፍ ያለው ብቻ ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩና ቧንቧዎቹ ውስጥ ይቀራል። ይህ እንደ ጉድለት ቢታይም ለአሮጌ መኪና ይበጃል። በየጊዜው 40 በመቶው ቢቀየር ከመጀመሪያው በኋላ 40፣ ከሁለተኛው በኋላ 64፣ ከሦስተኛው በኋላ 78 በመቶው አዲስ ይሆናል። በመካከሉ 1,000 ወይም 2,000 ኪሎ ሜትር እየተነዳ ሦስቴ ከተደረገ ካምቢዮው ሳይደነግጥ ታድሷል። የተቀዳውን ዘይት በልኬት ዕቃ ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ ያስፈልጋል፤ ማብዛቱም እንደ ማሳነሱ ይጎዳል።

ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት ግን መለኪያ ዘንጉ ይታይ። ብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ ትክክለኛው አሠራር መኪናው ጥሩ አድርጎ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ ፍሬን ይዞ ማርሹን ከ«ፒ» እስከ «ኤል» አዙሮ መመለስ፣ ከዚያ ዘንጉን መዝዞና ጠርጎ እንደገና ማየት ነው። ሆንዳ ላይ በተቃራኒው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ይታያል። ጠብታው ነጭ ሶፍት ላይ ይንጠብጠብ። ቀይ ወይም ወደ ቡና የሚያደላ ቀይ ከሆነ ካምቢዮው ሊታደስ የሚችል ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ሸራው ተበልቷል። እንጆሪ የገባበት ወተት ከመሰለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ኩላንት ትተው የቧንቧ ውሃ እየሞሉ ለዓመታት በነዱ መኪኖች ላይ ነው፤ ዝገቱ ማቀዝቀዣውን ከውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ሊማሊሞ ቀርቶ ወደ ጎረቤት ከተማ ዳባትም መነሣት የለበትም። የታችኛው የዘይት መያዣ ከተፈታ ደግሞ ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ይታዩ፤ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ልቃሚ የዕድሜ ነው፣ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ግን የጥፋት ምልክት ነው።

የዘይቱ ዓይነት ከኪሎ ሜትሩ ይበልጣል ማለት ማጋነን አይሆንም። የ1990ዎቹ ኮሮላዎች በአብዛኛው ዴክስሮን ይጠጣሉ። ከዚያ የተከተሉት ቶዮታዎች «ቲ-4»፣ አዳዲሶቹ «ደብሊውኤስ» ይፈልጋሉ። ከጃፓን የገቡ አንዳንድ ቪትዞች ደግሞ ሲቪቲ ናቸው፤ በጥርስ ፋንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ ስለሆነ የራሱ ዘይት ካልሆነ ቀበቶው ይንሸራተትና ያልቃል። የሚታመነው ዘንጉ ላይ ወይም መመሪያው ላይ የተጻፈው ነው። የቀለም መመሳሰል ዋስትና አይሆንም።

አነዳዱም የዘይቱን ዕድሜ ይወስናል። ሽቅብ ሲወጣ «ኦዲ ኦፍ» የሚለው ቁልፍ ያለው መኪና ቁልፉን ቢጫን፣ ካስፈለገም «2» ላይ ቢያደርግ ካምቢዮው ማርሽ እየጣለና እያነሣ አይንገላታም። ወደ ዛሪማ ሲወርድ ደግሞ «2» ወይም «ኤል» መኪናውን በሞተሩ ይይዛል፤ ፍሬኑ ሳይግል መሬት ይደርሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁል የሚለቅ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ሳንቲም ሲሆን የሚያሲዘው ፍሬኑንና ነፍሱን ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ ይሰጥ ከተባለ፦ ታሪኩ የሚታወቅ፣ ውሎው ጎንደር ከተማና ሜዳማ መንገድ የሆነ አሮጌ አውቶማቲክ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ። ሊማሊሞን የሚመላለስ ከሆነ በየ40,000 ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ቀድሞ በሞላው። ከዱባይ ወይም ከሦስተኛ ሰው እጅ የተገዛና ኪሎ ሜትሩ የማይታመን ከሆነ፣ ዘይቱ ካልጠቆረና ማርሹ በሥርዓት ከተቀየረ፣ አሁኑኑ ከላይ እንደተባለው ሦስቴ በከፊል፣ ከዚያ በየ40,000። መንሸራተት ለጀመረው መኪና ግን ዘይት መድኃኒት አይሆነውም፤ ባለቤቱ ገንዘቡን ለካምቢዮ ጥገና ይያዝ። ማንኛውም ባለመኪና ደግሞ ዘይት የሚቀየርበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ከአሁን ጀምሮ ሊብሬው መሐል በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ይጻፍ።