ደም ማስታወክና የጉበት ስቴንት፦ የትኛው ለማን?

ስቴንት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ልብን ነው። ለጉበትም ስቴንት እንዳለ የሰሙ፣ በተለይ ደም ያስታወከ ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች «የትኛው ይሻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን የሚወስነው በመጀመሪያ የበሽታው መነሻ ነው።

ከሆድ ዕቃ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበት ሲጠባሰስ መተላለፊያው ይጠባል፤ ደሙ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀጫጭን ደም መላሾች ይወጠራሉ። ደሙ ጉበትን ከማለፉ በፊትና ካለፈ በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። 12 ሲደርስ ደም መላሾቹ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ሄፓታይተስ ቢ እና አልኮል በየትም ቦታ ለዚህ ይዳርጋሉ። በጣና ዳር፣ በደምቢያና በጎርጎራ አካባቢ ግን ቢልሃርዚያም አለ። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ እንቁላሎቹ ጉበት ላይ ለዓመታት ጠባሳ ይሠራሉ። የጉበቱ ሴሎች ግን ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን አያቆሙም። አርሶ አደሩ እያረሰ፣ እያጨደ ከርሞ ድንገት አንድ ሌሊት ደም ያስታውካል። ከደባርቅና ከዳባት ደጋ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርድ ወጣት ጣፊያው ካበጠ ደግሞ ካላዛርና ወባ አስቀድመው ሊመረመሩ ይገባል፤ ሆዱ ያበጠ ሁሉ የጉበት ሕመምተኛ አይደለም።

ሕክምናው በስቴንት አይጀምርም። የሚደማውን ደም መላሽ በኢንዶስኮፒ በትንሽ ላስቲክ ማሰርና ግፊቱን የሚቀንሰውን ፕሮፕራኖሎል በሐኪም ትዕዛዝ መውሰድ ይቀድማሉ። ለብዙዎች ይህ በቂ ነው።

መድማቱ አልቆም ካለ የምግብ ቧንቧ ስቴንት አለ። ራሱ ተዘርግቶ ደም መላሾቹን ከውስጥ ይጫናል። ቀድሞ ለዚህ የሚያገለግለው ፊኛ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ቧንቧውን ይጎዳል፤ ስቴንቱ ግን እስከ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ጊዜ መግዣ ነው እንጂ የጉበቱን ግፊት አይነካም።

ግፊቱን የሚቀንሰው ሌላኛው ነው። ሐኪሙ በአንገት ደም ሥር ገብቶ፣ የጉበቱን ሥጋ በመርፌ በስቶ አዲስ መተላለፊያ ይከፍትና በስቴንት ይደግፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ባዶ የብረት መረብ ነበሩ፤ ሥጋ በቀዳዳዎቹ እያደገ ግማሽ ያህሎቹን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠባቸው ነበር። በኋላ የመጡት የቴፍሎን ዘር በሆነ ስስ ሽፋን ተጠቅልለዋል፤ አዎ፣ መጥበሻ ላይ የሚቀባው ቴፍሎን። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት የተሸፈነው ክፍት ሆኖ በመቆየት ባዶውን እንደሚበልጥ አሳይቷል። ምርጫ ካለ ባዶውን የሚያስመርጥ ምክንያት አይታየንም።

ዋጋው ግን አለ። በጉበት ሳይጣራ የሚያልፈው ደም አእምሮን ያደናግራል፤ ከሦስት ታካሚዎች አንዱን ያህል ያጋጥማል። ከ10 ሚሊ ሜትር ይልቅ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት የሚመረጠውም ይህን ለመቀነስ ነው። ሥራው ልዩ የራጅ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቅ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን አይገኝም። ስለዚህ በሬ ሸጦ ስቴንት ፍለጋ ከመነሳት በፊት ላስቲክ ማሰሩ በቂ መሆን አለመሆኑን ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል፤ ቢልሃርዚያ ያመጣው ከሆነ ጉበቱ ገና ስለሚሠራ ተስፋው ሰፊ ነው።

ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚዋጥ ርካሽ መድኃኒት ነው። የቆየ ጠባሳን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ ትምህርት ቤት ሲታደል ልጆችን ማስቀረት አይገባም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ እንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውም የዚሁ በሽታ ታሪክ አካል ነው።

ደም ያስታወከ ወይም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ የወጣው ሰው እስኪነጋ አይጠበቅም። በጎኑ አስተኝቶ፣ ምግብም ሆነ አረቄ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ወስዶ ከሆነ፣ በጣና ዳር ወይም በቆላ ኖሮ ከሆነም ለሐኪሙ ይነገር።