የፖለቲካ ውል ሲፈርስ የጥናት ሥራ እንዳይቋረጥ

ከጎረቤላ ብዙ ሳይርቅ በአንኮበር አገር ሌት ማረፊያ የሚባል ስፍራ አለ። በ1869 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ይህን ስፍራ ማርኪስ አንቲኖሪ ለሚመሩት ለኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች ሰጥተው ነበር። አንቲኖሪም የሸዋን አዕዋፍ ሲመረምሩ ኖረው በ1874 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። ነገር ግን በኋላ የውጫሌን ውል የተደራደሩት ኮንት አንቶኔሊ የመጡት በዚሁ ማኅበር በኩል ስለ ሆነ፣ የጥናቱና የፖለቲካው ሥራ ተደባለቀ። በ1885 ዓ.ም. ውሉ ሲሻርም ጣቢያው ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ውሉ መሻሩ ለአገር ነጻነት የግድ ነበረ፤ የአዕዋፍ ምርመራው ግን ምን በደለ?

በዘመናችንም እንግሊዝ በጥር 2012 ዓ.ም. ከአውሮፓ ኅብረት ወጣች። ሆራይዘን ከሚባለው ከ95 ቢሊዮን ዩሮ የሚበልጥ የምርምር ገንዘብ እንድትካፈል በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ስምምነት ቢደረግም፣ በሰሜን አየርላንድ የንግድ ክርክር ምክንያት ጉዳዩ ሦስት ዓመት ዘገየ። በዚህ መካከል የኅብረቱ ገንዘብ የተፈቀደላቸው አንዳንድ ሊቃውንት ገንዘቡን ላለማጣት አገር ለቀው ሄዱ። ብዙዎቹን ያቆያቸው መንግሥታቸው ከራሱ ግምጃ ቤት የሰጠው ዋስትና ነው። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. እንግሊዝ ወደ ማኅበሩ ተመለሰች፤ ቤቱን ነቅሎ የሄደ መምህር ግን በደብዳቤ ተጠርቶ አይመለስም።

በ1999 ዓ.ም. የተከፈተውን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ቤት ከውጭ አገር ጋራ ሲዋዋል፣ የመምህራኑ ቅጥርና የጥናቱ ገንዘብ ከፖለቲካው ውል ተለይቶ ቢጻፍ፣ የተጀመረውን ጥናት የሚያስጨርስ መጠባበቂያም አስቀድሞ በበጀት ቢያዝ ይገባል።